ሰማያዊዋ ምስርና አርባው ካፖርት

ቀጭ አለ የሌዘሩ መጋረጃ። ጸጥ። ደግሞ ቀጭ።

ከቀጭታው ሥር፣ ጆሮውን ለጣለ ሰው ብቻ የሚሰማ ዝግ ያለ እምምታ አለ፤ ንብ ቀፎዋ ውስጥ ሆና የምታስብ ይመስል። ጠምጣሚው ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ ስለሆነ ቢጨፍን ባይጨፍን ያው ነበር፤ ግን የተኛ ልጁን ትንፋሽ የሚያዳምጥ አባትም ዓይኑን የሚጨፍነው ብርሃን በዝቶበት አይደለም። እምምታው ደህና ነው። አልሻከረም፣ አልተቆራረጠም። እጁን ሰዶ የመዳቡን ጥቅል ዳበሰው። እንደ ጤነኛ ሰው ግንባር ለብ ብሏል።

«ጋሼ፣ ያዝናት» አለች ዶክተሯ ከጨለማው ውስጥ።

ዓይኑን ገለጠ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ቁጭ ብላለች። መጀመሪያ ሎሚ ታክል ነበር፤ ሌዘሩ ሲበራላት ሽምብራ አከለች፤ አሁን ምስር ናት። በጥቅሉ መሐል፣ አየሩ ተመጥጦ በወጣበት የብረት ጋን ውስጥ፣ የጋኑን ግድግዳ ሳትነካ በባዶው ላይ ተንሳፋለች። ዶክተሯ ድምፅ ሳታወጣ ትቆጥራለች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ በስክሪኑ ብርሃን ይታያል። አርባ ሰከንድ። ሃምሳ። ምስሯ ፍንክች አላለችም። የጠምጣሚው አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የወፍጮና የውሃ መሳቢያ ሞተር ሲጠመጥም የኖረ ሰው ነው። የተቃጠለ ሞተር ይመጣለታል፣ አሮጌውን ሽቦ ቦጭቆ አዲስ ይጠመጥምለታል፣ ሞተሩ ይዞራል፣ ባለቤቱ ይሄዳል። አንድ ቀን ይህች ቀጭን ሴት ሱቁ ድረስ መጥታ ማግኔት የሚሆን የመዳብ ጥቅል አዘዘችው። ምን ያሽከረክራል ብሎ ጠየቃት። ምንም አያሽከረክርም፣ ዝም ብሎ ይይዛል አለችው። ምን ይይዛል? አቶም። ከየትኛው? የቧንቧ ጫፍ ከሚብለጨለጭበት ብረት፣ ከክሮሚየም። ጤነኛነቷን ተጠራጠረ፤ ነገር ግን ሥዕሉን ዘርግታ የእያንዳንዱን ዙር ቦታ በጣቷ ስታሳየው፣ ዙር ቆጥሮ የሚያውቅ ሰው ካገኘ ስንት ዓመቱ ነው ብሎ ልቡ ደነገጠ። ሁለት ጥቅል ጠምጥሞ ጣለ። ሦስተኛው ያዘ። ከዚያ ወዲያ ሱቁን ለሚስቱ ወንድም ትቶ የላቦራቶሪው ሰው ሆነ።

ነገሩን ያስረዳችው በዘመድ ምሳሌ ነው። አንድ ሰው በመንገድ እየሮጠ ነው እንበል፣ አለችው። ፊት ለፊት ዘመድ ያገኘዋል። እንዴት ነህ፣ ልጆቹስ፣ እማማስ፣ ያ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ሰላምታውን ጨርሶ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ሌላ ዘመድ። ከዚያም ሌላ። እንዲህ ከሆነ በየትኛው እግሩ ይሮጣል? ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ይቆማል። አቶም ቀዘቀዘ ማለት ሩጫውን ተወ ማለት ነው፤ ሌዘሩ ደግሞ ዘመድ ነው። ጥቅሉ መንገዱ ዳር ላይ ያለ አጥር ነው፤ ዘመድ ሲያናግረው ሾልኮ እንዳያመልጥ።

ይህን ሲሰማ ጠምጣሚው በሳቅ ፍርስ ብሎ ነበር። አማቱ ሠርግ በሄዱ ቁጥር ከበሩ እስከ ወንበራቸው አንድ ሰዓት የሚፈጅባቸው ሰው ናቸውና ነገሩ ወዲያው ገባው።

ችግሩ ዘመዱ ዘመዱን መለየት ያለበት መሆኑ ነው። የሌዘሩ ቀለም በፀጉር ስንጣቂ ከሳተ፣ ሯጩን እንደ ባዳ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፤ ይባስ ብሎ ወደ ሌላው በኩል ከሳተ ከኋላው እየገፋ ያስሮጠዋል። ሌዘሩን የሚያስተው ደግሞ የክፍሉ አየር ነው። ስለዚህ ክፍሉ ክረምት ከበጋ ሃያ ሁለት ዲግሪ ነው፤ ግማሽ ዲግሪ አይጨምርም፣ ግማሽ አይቀንስም። በሩ እንደ በሽተኛ ቤት በር በእጅ ተይዞ ይዘጋል። ሦስተኛ ሰው ከገባ ዶክተሯ ዓይኗን ከቴርሞሜትሩ አታነሳም።

እና ማክሰኞ ዕለት ሦስተኛ ሰው ገባ።

የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኃላፊ ነው። ስም አለው፤ ግን ከጥበቃው እስከ ሒሳብ ክፍሉ ድረስ የሚጠራው አጨብጭቡ እየተባለ ነው፤ ስብሰባ ላይ ንግግሩን ሲጨርስ፣ ሰው መጨረሱን እንዳይጠራጠር፣ «አጨብጭቡ» ይላል። የመጣበት ጉዳይ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ክቡር እንግዳው ሕንፃውን ሊጎበኙ ይመጣሉ። የፕሮቶኮል ክፍሉ ወንበርና ባነር የሚያስቀምጥበት ቦታ ካጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዓይኑንም የጣለው እዚህ ክፍል ላይ ነው። አጨብጭቡ ነገሩን ሳይሸፋፍን ነግሯቸው ነበር፦ ክቡር እንግዳው አይተው ከተደሰቱ ክፍሉ የእናንተ ነው፤ ካልተደሰቱ ዓርብ ጠዋት ወንበሩ ይገባል። ወንበር ገባ ማለት ጋኑ ተፈታ ማለት ነው። የተፈታ ጋን መልሶ አየሩን ለማስወጣት አንድ ዓመት ይፈጃል፤ ያውም ክፍል ከተገኘ።

ምስሯን አሳዩት። ስክሪኑን አየ፣ ጋኑን አየ፣ በመሐረብ አንገቱን ጠረገ።

«ብርዱስ የታለ?» አለ።

ዶክተሯ ወደ ነጥቧ ጠቆመች። እዚያ ውስጥ ያሉት አቶሞች መቶ ሚሊዮን ቢሆኑም አንድ ላይ ተሰብስበው የአቧራ ብናኝ አያህሉም፤ ግን ከዚህ በታች ብርድ የለም ከሚባልበት ጫፍ የሚርቁት በዲግሪ ሺህኛ ብቻ ነው፤ በአገሩ ሁሉ ከዚህች ነጥብ የቀዘቀዘ ነገር የለም አለችው።

«እሱን ሰማሁ። እኔ ግን አላበኝ።»

የክፍሉ ሙቀት ለሌዘሩ ሲባል ነው ብላ የዘመዱን ነገር ከአናቱ ጀመረችለት። አጨብጭቡ እስከ ሁለተኛው ዘመድ ድረስ በትዕግሥት ሰማ። ከዚያ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ፣ ታሞ ለማያውቅ ልጅ ስለ መርፌ እንደሚያስረዳ ሰው ሆኖ ተናገረ። በጥሪ ወረቀቱ ላይ «የአገሪቱ እጅግ ቀዝቃዛ ቦታ» ተብሎ ታትሟል። ክቡር እንግዳው ደረጃ ወጥተው፣ ደክሟቸው፣ እጅግ ቀዝቃዛው ቦታ ገብተው ኮታቸውን ሊያወልቁ ነው? ፎቶ አንሺው ምን ያነሳል? ላብ?

«ክፍሉ ከቀዘቀዘ አቶሞቹ ይሞቃሉ» አለች ዶክተሯ።

አጨብጭቡ ጠምጣሚውን ዞር ብሎ አየው፤ ሽማግሌ መሐል ይግባ የሚል አስተያየት ነበር። ጠምጣሚው መሬት መሬት አየ።

«እህቴ፣ ሳይንሱ ላንቺ ይሁን፤ ብርዱን ለኔ ተይልኝ» ብሎ ወጣ። በሩን በእጁ አልያዘውም። ቴርሞሜትሩ ግማሽ ዲግሪ ዝቅ አለ፤ ምስሯም ጠፋች።

ያን ምሽት እራት ላይ አማቱ እንደ ልማዳቸው ዛሬ ምን ያዛችሁ ብለው ጠየቁት። ምስር የምታክል ነገር ያዝን አላቸው። የምትበላ ናት? አይ። የምትታይስ? በካሜራ። አማቱ ለልጃቸው አዘኑላት፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው የአባቶች ተረት ስለ አማቻቸው መሆኑን ሳያውቁ እስከ ሰባ ዓመታቸው መቆየታቸው ገረማቸው። ወንድሟ እንኳ በዚያው ሱቅ የወፍጮ ሞተር እየጠመጠመ ነው፤ ዱቄቱ ይታያል፣ ይዳሰሳል። ጠምጣሚው አልተቀየማቸውም። የሚያበሳጨው ሌላ ነገር ነበር። ሞተር ከጠመጠመ በኋላ ሞተሩ ሄዶ ምን እንደሠራ አይቶ አያውቅም፤ ይህኛው ጥቅል ግን የሚሠራውን ዓይኑ ሥር ነው የሚሠራው። ወንበር ከተደረደረበት ወደ ሱቁ የሚመለስበት ፊትም ጉልበትም የለውም።

ሐሙስ ጠዋት የክፍሉን በር ሲከፍት ትንፋሹ ጭስ ሆኖ ወጣ።

አጨብጭቡ ቃሉን ጠብቋል። በአራቱም ማዕዘን ኤሲ ተሰቅሏል፤ አራቱም አፋቸውን ከፍተው ያጉተመትማሉ። ከጠረጴዛው ሥር በአበባ የተሸፈኑ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዎች ተደርድረው፣ በየሳፋው የበረዶ ግንድ ተጋድሟል። ከበሩ አጠገብ አርባ ነጭ ካፖርት ተሰቅሏል፤ ደረታቸው ላይ የበረዶ ኮከብ ተጠልፎባቸዋል። ዶክተሯ በሁለት ሹራብ ላይ ጋወኗን ደርባ የሌዘሩን ቁልፍ ወዲህ ታዞራለች፣ ወዲያ ታዞራለች። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ጥቅሉ ያጉረመርማል፣ አጥሩ ቆሟል፤ የሚያጥረው ነገር ግን የለም። ቴርሞሜትሩ አሥራ ሦስት ይላል።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምራ እንደምትታገል ነገረችው። ቀለሙን አንድ ቦታ ስትይዘው በሌላው ያመልጣታል። ኤሲው ሲነፍስ ይስታል፣ ሲያቆም ይስታል።

ልክ በዚያ ሰዓት አጨብጭቡ በራሱ ካፖርት ተጀቡኖ ገባ። ክፍሉን አሸተተ፣ እጆቹን አፋተገ፣ ረካ። ባዶውን ስክሪን ሲያይም አልደነገጠም። ማክሰኞ ዕለት የተቀረጸው ምስል የለም እንዴ? እሱን ክፈቺላቸው፤ ነጥብ ነጥብ ነው፣ ማክሰኞ ይሁን ሐሙስ ማን ያውቃል። ዶክተሯ ቁልፉን ማዞሯን ቀጠለች። ይህን እሺታ አድርጎ ወሰደና ክቡር እንግዳውን ሊቀበል ወደ ምድር ቤት ወረደ።

ጠምጣሚው የማክሰኞውን ምስል ትከፍት እንደሆነ አልጠየቃትም። ፊቷን አየና የሚጠየቅ ነገር አልመሰለውም። ይልቅ ሌላ ነገር ጠየቃት፤ ክፍሉ ሃያ ሁለት ቢገባ በስንት ደቂቃ ትይዣታለሽ? በአሥር ደቂቃ አለች። ግን ይህን ሁሉ ብርድ የሚያወጣ ማሞቂያ የለንም፤ ብናመጣም ያው ይነፍሳል፣ ያው ሌዘሩን ያስታል። ቀስ ብሎ፣ ከየአቅጣጫው፣ እኩል የሚያሞቅ ነገር ነው የሚያስፈልገው።

ጠምጣሚው ወደ ኮሪደሩ ብቅ አለ። ለጭብጨባ የተጠሩት የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ጸሐፊዎች፣ ሹፌሮች፣ የመዝገብ ቤት ሰዎች፣ ሁለት የፅዳት ሴቶች። አርባ ናቸው። በሱቁ ዘመን ሞተሩ ምን ያህል እንደሚሞቅ በእጁ ሲለካ የኖረ ሰው ነውና አንድ ነገር ያውቃል፦ ቁጭ ያለ ሰው የመቶ ሻማ አምፖል ያህል ያሞቃል። አርባ ሰው አርባ አምፖል ነው። ያውም የማይነፍስ።

ግድግዳው ላይ ያለውን የኤሲ መስመር ማጥፊያ ወደ ታች ደፈቀው። ሳፋዎቹን ከፅዳት ሴቶቹ ጋር እየተጋገዙ አውጥተው በረዶውን መታጠቢያ ቤት ደፉት። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ፣ ካፖርት እየለበሳችሁ ውስጥ ገብታችሁ ጠብቁ ተብሏል አለ። ማን አለ ብሎ የጠየቀ የለም። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ተብሏል ከተባለ ተብሏል ነው።

ሌዘሩን ዓይን እንዳይጎዳ ሸፈኑት፤ ሰዎቹን በጋኑ ዙሪያ እንደ ዕቃ ደረደሯቸው። አንድ ሹፌር፣ ለሥራ ነው ወይስ ለቀብር ነው የቆምነው አለ። ከመዝገብ ቤት የመጡት ሴትዮ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተቀጥሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በመተንፈሴ ተፈለግሁ ብለው ሳቁ። ዶክተሯ ወፍራሞቹን ወደ ማዕዘን፣ ቀጫጮቹን ወደ መሐል አዛወረች፤ ቅር ያለው አልነበረም። አሥራ አምስት። አሥራ ሰባት። ከምድር ቤት በድምፅ ማጉያ የአጨብጭቡ የእንኳን ደህና መጡ ንግግር ይሰማል፤ ከሕንፃው መሠረት ድንጋይ ጀምሮ ወደ አሁኑ ዘመን በእግሩ እየመጣ ነበር። ጠምጣሚው በሕይወቱ የረጅም ንግግርን ጥቅም ያየው ያን ቀን ነው። ንግግሩ ሁለተኛው ፎቅ ግንባታ ላይ ሲደርስ አሥራ ዘጠኝ ሆነ፤ ሊፍቱ ሲገዛ ሃያ አንድ። ክፍሉ ላብና ሽቶ ሸተተ።

«ሃያ ሁለት። አሁን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላችሁ» አለች ዶክተሯ።

አርባው ካፖርት፣ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ፣ በጣታቸው ጫፍ እየተራመዱ ወደ ኮሪደሩ ወጡ። የመጨረሻው ሹፌር ማንም ሳይነግረው በሩን በእጁ ይዞ ዘጋው።

ሌዘሩን ገለጡት፤ በዘጠነኛው ደቂቃ ምስሯ መጣች።

ወዲያውም ጭብጨባው መጣ፤ በሩ ተከፈተና ክቡር እንግዳው፣ ከኋላቸው ፎቶ አንሺው፣ ከጎናቸው አጨብጭቡ ገቡ። አጨብጭቡ ለመንቀጥቀጥ ትከሻውን አዘጋጅቶ ነበር። ሙቀቱ ፊቱን ሲመታው ትከሻው መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ኤሲዎቹን አየ፤ አፋቸው ተዘግቷል። አበቦቹን አየ፤ ከሥራቸው ሳፋው የለም። ከዚያ ጠምጣሚውን እንዲህ አየው፤ እንደዚያ የታየ ዛፍ ቢሆን ቅርፊቱ ይላጣል።

ክቡር እንግዳው ግን ስክሪኑ ላይ ቀርተዋል። ዶክተሯ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረቻቸው። ከዚያ ዝም ብላ ሥራውን አሳየቻቸው፦ ሌዘሩን ጋረደችው፣ አቶሞቹን አሟሟቀችና ነጥቧ ሎሚ አከለች፤ ገለጠችው፣ ሽምብራ፤ ጠበቀች፣ ምስር። ፎቶ አንሺው እንኳ ማንሳቱን ረሳ። ሰባ ሰከንድ ያዘች። ጠምጣሚው መዳፉን ጥቅሉ ላይ አሳረፈ፤ አጥሬ ይህ ነው የሚል ይመስል።

«ይህ ነው ከሁሉ የቀዘቀዘው?» አሉ ክቡር እንግዳው።

«ይህ ነው» አለች።

«ታዲያ እኔን ለምን ሞቀኝ?»

ጥያቄው ከልብ ነበር። ዶክተሯ አፏን ከፈተች፤ ደስ ብሏት ነበር፣ ማንም እንዲህ ጠይቋት አያውቅም። ሩጫ የያዘ ሰው በመንገድ ሲሄድ፣ ብላ ጀመረች።

አጨብጭቡ ቀደማት። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ቃል አይቸግረውም። ክቡርነትዎ እግዜር ይስጥልን፣ ዋናው ምስጢር እሱ ነው፣ አለ። ጠዋት ይህ ክፍል በረዶ ነበር፤ ጥበቃው ምስክር ነው፣ ትንፋሻችን ጭስ ነበር። ያ ሁሉ ብርድ የት ሄደ? አቶሞቹ ጠጡት። የክፍሉ ብርድ በሙሉ ተሰብስቦ እዚያች ነጥብ ውስጥ ገብቷል፤ ለዚህ ነው ውጪው የሞቀው። ይህን የሞቀ አየር እንደ ተጨመቀ ሎሚ ልጣጭ ይመልከቱት፤ ጭማቂው እዚያ ነው።

ጠምጣሚው በሕይወቱ ብዙ ውሸት ሰምቷል፤ እንዲህ ሙቀቱ በማስረጃነት ተያይዞ የቀረበ ግን አልሰማም። ማስረጃውን ያዘጋጀው ደግሞ ራሱ ነው፤ አርባ ሰው አሰልፎ።

ክቡር እንግዳው ነጥቧን አዩ፣ በእጃቸው የክፍሉን አየር ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ገብቷቸዋል። ስንት ማቀዝቀዣ ነው ያላችሁ ብለው ጠየቁ። አራት። በአራት እንዲህ ካደረጋችሁ፣ አሉ፣ በአሥራ አራት ምን ልታደርጉ ነው? ዛሬውኑ አሥር ይጨመርላቸው፤ ቀንና ሌሊት እንዳይጠፋ ጠባቂ ይመደብለት። ይህን ክፍል ማንም እንዳይነካው። ወንበር የሚባል ነገር እዚህ በር ላይ እንዳላይ።

«አጨብጭቡ» አለ አጨብጭቡ።

ኮሪደሩ በጭብጨባ ተናወጠ። ካፖርቶቹ ጠዋቱን ሙሉ የጠበቁትን ሥራ አገኙ። ዶክተሯ አንድ ነገር ተናገረች፤ ጠምጣሚው ከንፈሯን አየ፣ አይደለም የሚል መሰለው፣ ግን ድምፁ ከጭብጨባው ሥር ቀረ። አንድ ጊዜ ደግማ ተናገረች። ክቡር እንግዳው ምስጋና እያቀረበች መስሏቸው እጇን ጨበጡ። ፎቶ አንሺው አሁን አስታወሰና አነሳ። ከዚያ ሁሉም ወደ ሌላው ፎቅ ጎረፉ። አጨብጭቡ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ጠምጣሚውን አንገቱን አቅፎ ሳመው፤ ጋሼ፣ አንተማ የዋዛ ሰው አይደለህም፣ ብርዱን እንዴት እንዳሰባሰብክልኝ አለው። ሲወጣም ጠምጣሚው ደፍቆት የነበረውን የኤሲ ማጥፊያ ወደ ላይ መለሰው። አራቱ አፎች እኩል ተከፈቱ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ጠምጣሚው መሄዳቸውን እስኪያረጋግጥ ጠበቀና ማጥፊያውን ዳግም ሊደፍቀው እጁን ዘረጋ። ግን ዶክተሯን አየና እጁን ወደ ጥቅሉ መለሰ። ስክሪኑን እያየች ነበር። ቴርሞሜትሩ ሃያ አንድ ተኩል ይላል። ምስሯ ሽምብራ አከለች፣ ቀጥሎ ሎሚ፣ ቀጥሎ እንደ ትንፋሽ ዘርዘር ብላ ጥቁሩ ውስጥ ገባች።

ክፍሉ ተረፈልን እኮ፣ ሊላት ነበር። ወንበሩ አይገባም። አሥሩንም ቢሆን አንድ ዘዴ እንፈልግለታለን፣ እኔ ኮረንቲ አውቃለሁ ሊላት ነበር። ጥቅሉ እጁ ሥር አሁንም ደህና ያጉረመርማል፤ ያለ ምንም ነገር፣ ባዶውን አጥሮ።

ዶክተሯ የሌዘር መነጽሯን አወለቀች። ማሰሪያውን በጥንቃቄ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጋወኗን አወለቀች፣ ከዚያ አንዱን ሹራብ፣ እጥፍ አድርጋ ክንዷ ላይ ጣለችው።

«ዶክተር፣ ኮረንቲውን ላጥፋው?» አላት።

በሩን ከፍታ ወጣች። ኮሪደሩ ውስጥ አርባዎቹ ካፖርታቸውን እያወለቁ መንገድ ለቀቁላት፤ አንዷ፣ እንኳን ደስ ያለሽ አለቻት። ጠምጣሚው እርምጃዋን አዳመጠ። ወደ ቢሮዋ የሚወስደውን መታጠፊያ አልፎ ደረጃው ላይ ደረሰ፤ ከዚያም ሳይቸኩል፣ አንድ በአንድ፣ ወደ ታች፣ ወደ መውጫው በር ወረደ።